የኬልሲ ፎልሷ እንቁራሪት

ኬልሲ ፎልስ ውስጥ «ዛሬ ዘነበ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው። እኛ የምናወራው ስላልዘነበበት ቀን ነበር። ከጀርባችን ተራራ፣ ከፊታችን ወደ ውስጥ ገብቶ የተኛ ጠባብ ባሕር፣ በመካከል የወረቀት ፋብሪካው። ለመንገድ የተረፈ ሜዳ ስላልነበረ መንገዳችን ራሱ ጣውላ ነው፤ ከውኃው በላይ በምሰሶ ላይ የቆመ። ሌላ ቦታ ኳስ ሲያባርር የተንሸራተተ ልጅ ጉልበቱ ይላጣል። እኛ ዘንድ ባሕር ውስጥ ይገባል።

ቶይቮ ራንታላን የወሰደው ግን መንገዱ አይደለም፤ ግንዶቹ ናቸው። ፋብሪካው ፊት ለፊት ታስረው በሚንሳፈፉት ግንዶች ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለል የወንዶች ልጆች ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ወላጅ ከልክሎ ከልክሎ የሰለቸው ጨዋታ። ቶይቮ የዘለለበት ግንድ ዞረበት። እሱ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግንዶቹ በላዩ ላይ ተመልሰው ገጠሙ። ታናሽ እህቱ ኤልሚ ወደቡ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ እኔም እጇን ይዤ አብሬያት ነበርኩ። ሁለታችንም ገና አንደኛ ክፍል ነን። ያን ቀን የጮኽኩት እኔ ነኝ። ኤልሚ አልጮኸችም። ከየትኞቹ ግንዶች መሃል ብቅ እንደሚል የምትጠብቅ ይመስል ዝም ብላ ታያቸው ነበር።

አባቷ ኡርሆ ራንታላ ፊንላንዳዊ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ የግንድ ቅርፊት በሚልጠው ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። እናትየዋ ኤልሚን በወለደች በዓመቱ ስለሞተች ሁለቱን ልጆች ያሳደገው እሱ ነው። በሰፈራችን እንደ እሱ ቃል የሚቆጥብ ሰው አልነበረም፤ «እንደምን አደርክ» ስትሉት ራሱን ይነቀንቅላችኋል፣ በቃ። ልጁን በቀበረ በሳምንቱ ኤልሚን ይዞ ወደ ገንዳው ወረደ። ገንዳው ከስፖርት አዳራሹ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ የፋብሪካው ባለቤት ኩባንያ ያሠራው፣ በፋብሪካው እንፋሎት የሚሞቅ፣ አጭር ከመሆኑ የተነሣ ጎበዝ ዋናተኛ ገና ሲሟሟቅ ግድግዳው የሚመጣበት። አሠልጣኙ ሚስተር ፔትሪ ነበሩ፤ ቀን የፋብሪካውን ቧንቧ የሚገጥሙ፣ ከሥራ መልስ የከተማውን ልጅ ሁሉ ውኃ ውስጥ የሚያስገቡ፣ ድምፃቸው ከፋብሪካው ፊሽካ የማይተናነስ ስኮትላንዳዊ።

ኡርሆ የሥራ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«ዋና አስተምራት» አለ።

«ላስተምር ነው የቆምኩት። አንተስ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥ፤ በዚህ ጫማህ ልጆቼን አታስፈራራ።»

ኡርሆ አልተቀመጠም። «አንድ ነገር ብቻ። ፊቷን ልየው። ፊቷ ውኃ ውስጥ አይግባ።»

ፔትሪ የሆነውን ያውቃሉ። ስለዚህ ለኤልሚ ያስተማሯት ፊት የማይደበቅበትን ዋና ነው፤ የደረት ቀዘፋን። ሁለቱ እጆች ከደረት ፊት ተዘርግተው ውኃውን እንደ መጋረጃ ወደ ግራና ቀኝ ይከፍታሉ፤ ሁለቱ እግሮች እንደ እንቁራሪት ተሰብስበው ይወረወራሉ፤ አገጭ ከውኃው በላይ ይቀራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡርሆ ከሥራ ሲወጣ፣ ጢሙ ላይ የግንድ ቅርፊት እንደተሰገሰገ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ገንዳው ይመጣና ልጁ እስክትጨርስ ፊቷን ሲከተል ይቆያል።

እውነቱን ለመናገር ኤልሚ መጀመሪያ ላይ ጎበዝ አልነበረችም። እኔ እበልጣት ነበር። ግን እልኸኛ ናት፤ «ትንሽ እረፊ» ቢሏት ወይ ፍንክች! አንድ ዓመት የገና ሰሞን የሕፃናት ውድድር ተደርጎ ሁላችንም ጨርሰን ወጣን፤ ፎጣችንን ተከናንበን ላይ ቤት ትኩስ ሾርባ ልንጠጣ ደረጃውን ስንወጣ ኤልሚ ገና መሃል ላይ ናት።

«ነይ ውጪ!» አሉ ፔትሪ። «ውድድሩ አልቋል!»

«የእኔ አላለቀም» አለች ውኃ እየተፋች።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ፔትሪ ግን ያን ቀን ሲስቁ አየናቸው፤ ብዙ የማይገጥም ነገር ነው።

እያደገች ስትመጣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ከእኔ ኋላ ደግሞ የባሕር ዳርቻው ከተሞች ልጃገረዶች ሁሉ ቀሩ። ያ አጭር ገንዳ ለእሷ በረከት ሆናት። ግድግዳ በበዛበት ገንዳ ያደገ ልጅ መዞር ያውቃል፤ ሁለት እጇን አስነክታ፣ ጉልበቷን ሰብስባ ስትወረወር ዓይን አይዛትም ነበር። ግን ያኔ ዓለም ሌላ አመል አምጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ሕጉ የደረት ቀዘፋ የሚዋኝ ሰው ክንዱን ከውኃ አውጥቶ፣ እንደ ክንፍ ወደ ፊት ቢወረውር አይከለክልም። ቢራቢሮ የሚሉት እሱ ነው። ያደክማል እንጂ ይፈጥናል። ቀስ በቀስ በትልልቆቹ ከተሞች ያሉት ዋናተኞች ሁሉ ክንፍ አወጡ፤ እኛ ዘንድ ኤልሚ ብቻ እጇን ከውኃ በታች እንደያዘች፣ አገጯን ከፍ አድርጋ ቀረች።

የዓለም ጦርነቱ ባለቀ በሦስተኛው ዓመት ለብሔራዊ ማጣሪያ ቫንኩቨር ወረድን። እኔም በተጠባባቂነት ተጨምሬ ነበር፤ ሻንጣ ለመሸከም ማለት ይሻላል። እዚያ ነው ዶሪን ባክስተርን መጀመሪያ ያየናት። ቁመተ ረጅም፣ ትከሻዋ እንደ በር፣ ሳቋ የመዋኛ አዳራሹን የሚሞላ። ኤልሚ ስትሟሟቅ ቆማ አየቻትና ጓደኞቿን በክርኗ ጎሸም አደረገች።

«ይቺን እዩአት! አያቴም እንዲህ ነው የምትዋኘው፤ ባርኔጣዋ እንዳይርስ።»

«እንቁራሪት!» አለች ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ፣ «ቋ! ቋ! ቋ!»

እኔ ቆሽቴ አረረ። ኤልሚ ከገንዳው ወጥታ ፀጉሯን እየጨመቀች፣ «ሪና፣ ፎጣውን አቀብዪኝ» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልወጣትም። ውድድሩ ላይ አራተኛ ወጣች። ከፊቷ የቀደሟት ሦስቱም ክንፍ ያላቸው ናቸው፤ አንደኛዋ ዶሪን።

ወደ ቤት በሚመልሰን መርከብ ላይ ፔትሪ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያሽከረክሩ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ወይ ክንድሽን ታወጫለሽ፣ ወይ ሹራብ መሥራት ትጀምሪያለሽ» አሏት።

ያን ክረምት ክንዷን አወጣች። ፋብሪካው ውስጥ የተቆረጠ ወረቀት በሚለይበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውልና፣ ከሥራ ስትወጣ ቢራቢሮ ትማራለች። ለአባቷ አልነገረችውም፤ የሥራ ፈረቃው ተቀይሮ ስለነበር በዚያ ሰሞን ወደ ገንዳው አይመጣም። ተሻሻለች። ፔትሪ «ክንድሽ እየበረረ ነው፣ እግርሽ ግን እያለቀሰ ነው» ይሏት ነበር፤ ቢሆንም ሰዓቷ እየወረደ ሄደ። በፀደይ የከተማው ውድድር ሲደረግ ኡርሆ እንደ ልማዱ መጥቶ ጠርዙ ላይ ቆመ። ፊሽካው ተነፋ። ኤልሚ ክንዷን ወረወረች፤ ፊቷ ውኃው ውስጥ ገባ፤ ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ወደ መጀመሪያው ግድግዳ ሳትደርስ ኡርሆ ዞሮ ደረጃውን ወጣ።

እሷ አሸንፋ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ቦታ ነው። ፀጉሯ እንደራሰ ካፖርት ደርባ ወደ ቤት ሮጠች፤ እኔም ከኋላዋ። ኡርሆ ጓሮ ለሳውናው፣ ለትኩስ እንፋሎት መታጠቢያቸው፣ የሚሆን እንጨት ይፈልጣል።

«አባዬ፣ ለምን ወጣህ?»

«እንጨት ልፈልጥ።»

«ውድድሩ መሃል ላይ?»

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለው። «ፊትሽ ጠፋ» አለ። «ይወጣል። ከዚያ ደግሞ ይጠፋል። እኔ አንዴ ነው የምችለው።»

«እኔ ቶይቮ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» አለ። «የማያውቀው ዓይኔ ነው።» ቀጥሎ፣ «እንደፈለግሽ ዋኚ። አልከለክልሽም። እኔ ግን አልመጣም።»

ሰኞ ዕለት ኤልሚ ፔትሪ ዘንድ ሄዳ ቢራቢሮውን መተዋን ነገረቻቸው። ሰውዬው የያዙትን የቧንቧ መፍቻ ሊወረውሩት ምንም አልቀራቸውም።

«ለአባትሽ ብለሽ ነው! ለዚያ ደረቅ ጉቶ!»

«ለአባቴ ብዬ አይደለም። እሱ ትቶልኛል። ቢራቢሮ ስዋኝ ግን የዶሪን ባክስተር ቅጂ ነኝ፤ ቅጂ ዋናውን አይበልጥም። በራሴ ዋና ነው የምበልጣት።»

«በእንቁራሪት ቢራቢሮን? ልጄ፣ እንቁራሪት ቢራቢሮ የምትበላው ደረቅ ላይ ነው።»

«እናያለን።»

ፔትሪ ጮኸው ጮኸው ሲያበቁ የሚያስቡ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ገመድ ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላውን የገንዳው መወጣጫ ላይ አስረው፣ «እንግዲያው ሞተርሽ እግርሽ ነው፤ መወጣጫውን ነቅለሽ አሳዪኝ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ያየነው እሱን ነው፤ ከሥራ ፈረቃዋ በፊት፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በእግሯ ብቻ፣ የትም የማይሄድ ዋና። ሰው ገመድ ታስሮ በአንድ ቦታ ያን ያህል ርቀት ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

አላሸነፈችም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ዓመት በመጣ ቁጥር ቫንኩቨር ትወርዳለች፣ ክንፍ ያላቸው ይቀድሟታል፣ ተመልሳ ትመጣለች። አንዴ አምስተኛ፣ አንዴ ሦስተኛ። «ቋ ቋ» የሚለው ስድብ ከእሷ ቀድሞ ወደብ ይደርስ ነበር። አንድ ጊዜ የመዋኛ ቆቧን አረንጓዴ ቀለም ነክራ መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«እንቁራሪት ነጭ ቆብ አድርጋ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

በዚህ መካከል አገባች። ያገባችው አርቪድ ሊንድን ነው፤ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ ሶሉ ሹል ብረት ባለው ጫማ በሚንሳፈፉት ግንዶች ላይ እየተራመደ ወደ ፋብሪካው የሚነዳቸውን ሰው። ኡርሆ ይህን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ከዚህ ሁሉ ወንድ መርጣ ግንድ ላይ የሚሄድ!» አለ። ከእሱ አፍ ያን ያህል ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲወጣ ብርቅ ስለነበረ ከተማው ለሳምንት ሲደጋግመው ከረመ። አርቪድ ግን ደግ ሰው ነበር፣ ሳቂታ። ዓመት ሳይሞላ ልጃቸው ካይሳ ተወለደች፤ ኤልሚም ገንዳውን ተወች። ሰው ሁሉ «ይኸው አበቃ» አለ። እኔም ብያለሁ።

ካይሳ ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት መከር፣ ኤልሚ በረንዳው ጣሪያ ሥር ልብስ ስታሰጣ እኔ መቆንጠጫ እያቀበልኳት ነበር። ፔትሪ በዝናቡ ውስጥ፣ ያለ ኮፍያ፣ በጣውላው መንገድ ላይ እየሮጡ መጡ። እሳቸው ሲሮጡ ከዚያ በፊት ማንም አላየም።

«ለያዩአቸው!» አሉ ከሩቅ።

«ማንን?» አልኩ እኔ። የተደባደበ ሰው ያለ መስሎኛል።

«ቢራቢሮውንና እንቁራሪቱን! ከቫንኩቨር ደውለው ነገሩኝ። ዓለም አቀፉ ማኅበር ወስኗል። ከእንግዲህ ቢራቢሮ ለብቻው ውድድር ነው። የደረት ቀዘፋ የሚዋኝ ክንዱን ካወጣ ይባረራል። ኤልሚ፣ ሰማሽኝ? ክንፋቸውን ቆረጡት!»

ኤልሚ ያሰጣችውን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ካይሳን ከመሬት አነሳችና ለፔትሪ አስታቀፈቻቸው።

«ይያዙልኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ፎጣ ላመጣ።»

«ዛሬ? ዛሬ ማለቴ እኮ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያህል ሳትዋኚ…»

«ስለዚህ ነዋ ዛሬ» አለች ከውስጥ።

ኩባንያው ሱቅ የሚሰለፉት ሴቶች አፍ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተዘጋም። የልጅ እናት፣ በመዋኛ ልብስ፣ ሰው ፊት! አንዷ አርቪድን መንገድ ላይ አስቆማ፣ «አንተ ዝም ትላለህ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «እመቤቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ነው የምውል። እሷም ብትውል ምን አለበት?» አላት። ካይሳን እኛ የኤልሚ የድሮ ጓደኞች ገንዳው ሰገነት ላይ እየተቀባበልን ያዝናት፤ የሁላችንንም ቤት ሄል ያለበት ዳቦ በልታ ነው ያደገችው።

ሰውነቷ ወዲያው አልታዘዘላትም። የመጀመሪያው ክረምት ወገቧን አመማት፣ ትንፋሿ አጠራት፣ ከእሷ ግማሽ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ቀደሟት። ታግሣ ቆየች። ፀደይ ላይ ፔትሪ ቫንኩቨር ደርሰው ሲመለሱ ደግሞ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ዶሪን ባክስተር ክንፏን ተቆርጣ የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ሴትየዋ ዓሣ ሆናለች! ስትነሣም፣ ስትዞርም ከውኃ በታች ትሰምጥና እዚያው ትቀዝፋለች። ታች ማዕበል የለም። ገንዳውን አጋምሳ ነው ብቅ የምትል። ሕጉ አይከለክልም።» ቀና ብለው አይዋት። «እላይ ከቀረሽ አትደርሺባትም።»

ኤልሚ ገባት። እንደገና ፊቷን መደበቅ ነው።

ለዚህ አጭሩ ገንዳ አይረዳም፤ ቫንኩቨር ውስጥ ሜዳ የሚያክል አዲስ ገንዳ ተሠርቷል። ፋብሪካው ኃይል ከሚያገኝበት ግድብ በላይ ግን ሐይቅ አለን፤ ረጅም፣ ቀዝቃዛ፣ ጥቁር ውኃ። ብቻዋን መግባት ስለማይሆን እኔ በአርቪድ ትንሽ ጀልባ እንድከተላት ተስማማን። ይህን ያወራነው ኡርሆ ቤት፣ ካይሳን ልናመጣ ሄደን ነው። ሽማግሌው ጥግ ላይ መረብ ያበጅ ነበር፤ ለሌላ ሰው መረብ፣ እሱ ውኃ ላይ አይወጣም።

«ሪና ጀልባ ስትቀዝፍ አይቻለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ሁለታችሁም ትሞታላችሁ።»

«ታዲያ ማን ይቅዘፍ?» አለች ኤልሚ።

መረቡን አጣጥፎ አስቀመጠ። «እኔ።»

ኡርሆ ጀልባዋ ውስጥ የገባው ጠርዟን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ሁሉን አየሁ። ሲቀዝፍ ግን ቀጥ አድርጎ ነው፤ ልጅ ሆኖ አገሩ የተማረው ይመስለኛል። ኤልሚ ገባች፤ ቅዝቃዜው ትንፋሿን ሲነጥቃት ሰማን፤ ጥቂት እላይ ቀዘፈች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ደፍታ ጠለቀች። ውኃው በላይዋ ላይ ተዘጋ። ኡርሆ መቅዘፊያውን ጭብጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወጣች?»

«ገና ናት።»

«ወጣች?»

«ወጣች! ወጣች፣ ኡርሆ!»

ኤልሚ ወደ ጀልባዋ ቀርባ ጠርዟን ያዘች። «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነበር?»

«እኔ ዓይኔን ብጨፍን አንቺን ምን አገባሽ?»

«ጠባቂ ዓይኑን አይጨፍንም። እንደገና እገባለሁ፤ እየኝ።»

እየደጋገመች ገባች። እሱም ዓይኑን ገለጠ፤ ላብ እንደ ዝናብ እየወረደው፣ ግን ገለጠ። በጋው ሲገፋ አንድ ነገር ተለወጠ። እላይ በሚወጣው አረፋ ታች ያለችበትን ቦታ መከተል ጀመረ፤ ጀልባዋን ልክ በላይዋ ላይ ያስኬዳታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቅ ስትል ከእሷ ቀድሞ ተናገረ፤

«ቸኮልሽ።»

«ምን?»

«ገና አየር ነበረሽ። አረፋሽ አላለቀም። ቀድመሽ ወጣሽ።»

ኤልሚ ውኃው ላይ ተንሳፍፋ ትን እስኪላት ሳቀች። «አንተ ነህ እንዲህ የምትለኝ?»

«ግቢ!» አላት። እኔ ፊቴን ወደ ዳር አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ።

የዚያ ዓመት ማጣሪያ ቫንኩቨር ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው በአዲሱ ገንዳ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተደረገ። ኡርሆ ወደዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ መርከብ ላይ ሲሳፈር ያ የመጀመሪያው ነው። ጥቁር የእሑድ ልብሱን ለብሶ ከእኔና ከአርቪድ መሃል ተቀመጠ፤ ካይሳ ጭኑ ላይ። ኤልሚ አረንጓዴ ቆቧን አድርጋ ስትወጣ ከላይኛው መቀመጫ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እሷ እጇን አውለበለበችለት።

ሲነሡ ሁሉም ጠለቁ። ውኃው ባዶ ሆነ። እኔ ራሴ ትንፋሼን ይዣለሁ። መጀመሪያ ከሌሎቹ ርቃ ብቅ ያለችው ዶሪን ናት፤ ኤልሚ ከእሷ አንድ ክንድ ዝቅ ብላ። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ዶሪን መራች፤ ሁለተኛው ላይም መራች። በሦስተኛው መዞሪያ ግን ዶሪን ቶሎ ብቅ አለች፤ አፏ ተከፍቶ አየር ትስባለች። ኤልሚ የለችም።

«የታለች?» አለ አርቪድ፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ።

«ተቀመጥ» አለው ኡርሆ። «አየር አላት።»

ስትወጣ ከዶሪን ጎን ነበረች። የቀረው ርቀት ከላይ፣ በእግር ጉልበት የሚዋኝ ነው፤ ያ ሁሉ ጊዜ በገመድ ታስሮ የለፋው እግር ያኔ ተፈታ። ፔትሪ ገንዳው ዳር ላይ እየሮጡ ሲጮኹ ዳኛ ወጥቶ አስቆማቸው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ነኩ ብለን ስንፈነጥዝ ዳኞቹ ተሰብስበው መከሩ። አንደኛ ዶሪን ባክስተር፣ በመዳፍ ስፋት። ሁለተኛ ኤልሚ ሊንድ። ለትልቁ ዓለም አቀፍ ውድድር የሚያልፉት ሁለት ስለሆኑ አለፈች።

በዚያው በጋ ከብዙ አገር ዋናተኞች መጥተው በዚያው ገንዳ ተወዳደሩ። ኤልሚ ለፍጻሜ ደረሰች፤ አራተኛ ወጣች። ሜዳልያ የለም። የባሕር ማዶዎቹ ልጆች ከሁላችንም ይበልጡ ነበር፤ ይህን እሷም አልካደችም። ግን ግድግዳውን ነክታ ዞር ብላ ስታይ፣ ከጎኗ ገና እየደረሰች የነበረችው ዶሪን ባክስተር ነበረች። ዶሪን የመስመር መለያውን ገመድ ተደግፋ ትንፋሿን እስክታገኝ ጠበቀችና፣ «እንቁራሪት፣ በላሽኝ አይደል?» አለቻት።

«በላሁሽ» አለች ኤልሚ።

ተያይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዶሪን በየዓመቱ ለገና ካርድ ትልክ ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ እንቁራሪት ሥላ።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሕጉ እንደገና ተለወጠ። ከውኃ በታች መዋኘት ቀረ ተባለ፤ ሰው እላይ እንዲዋኝ። ፔትሪ ይህን ሊነግሯት ሲመጡ እንዳትናደድ ፈርተው ነበር። እሷ ሳቋን ለቀቀችው። «ፊቴን አውጥቼ ስዋኝ ኋላ ቀር ነሽ አሉኝ። ማጥለቁን ስለምድ አውጪ አሉኝ። ተመካክረው ሲጨርሱ ይንገሩኝ፤ እኔ እስከዚያው እዋኛለሁ።» በዚያ ዓመት የክፍለ ሀገሩን ውድድር አሸነፈች፤ የሁለት ልጆች እናት ሆና። የመጨረሻ ውድድሯም እሱ ሆነ። ፔትሪን ልባቸው አስቸግሯቸው ስለነበር ፊሽካቸውን አንገቷ ላይ አጠለቁላት፤ ንግግር አላደረጉም፣ እሷም አላለቀሰችም። በማግሥቱ ገንዳው ዳር ቆማ ስትጮህ እስከ ኩባንያው ሱቅ ተሰማች።

ብዙ ልጆች አወጣች። ከዚያ ግን የፋብሪካው ማሽን አረጀ፣ ኩባንያው ትርፍ የለውም አለ፣ ሰው በየመርከቡ ሻንጣውን ይዞ መውጣት ጀመረ። ፋብሪካው ሲቆም እንፋሎቱም ቆመ፤ ገንዳውም ቀዘቀዘ። «ውድድር የቀራቸው ልጆች አሉኝ» ብላ፣ በቀዝቃዛው ሐይቅ እንደለመደችው፣ በዚያ በረዶ ውኃ ውስጥ ከእነሱ ጋር እየገባች የውድድር ዘመኑን አስጨረሰቻቸው። ከዚያ እሷና አርቪድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፕሪንስ ሩፐርት ሄዱ። ኡርሆ ቀድሞ፣ አልጋው ላይ፣ በሰላም ሞቷል።

ባለፈው መከር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ትከሻዋ ግን ያው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ አገኘኋት፤ ፊት ለፊቷ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ዓሣ አጥማጆች፣ ጎልማሶች፣ ክንዳቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ ሆዳቸው ነጭ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው። ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ላይ የኖሩ፣ አንዳቸውም ዋና የማይችሉ።

«ሚስስ ሊንድ» ይላል ትልቁ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ውኃው ያን ያህል ቀዝቃዛ ነው። መዋኘት የሚችል ሰው ቢወድቅ ሞቱን ያስረዝማል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። አባቴም እንዲህ ይል ነበር።»

«አባትህ የት አሉ?»

ሰውዬው ወደ ባዶ እግሩ አየ። «ባሕር ውስጥ።»

«በል ግባ» አለችው።

«ዛሬ ለማየት ብቻ ነበር የመጣሁት…»

«አይተሃል። ግባ። እጅህን ከደረትህ ፊት ዘርጋ፤ አዎ፣ እንደሱ። እግርህን ሰብስብ። ማን ነው እዚያ የሚስቀው? አንተም ግባ!»

እኔ አግዳሚው ላይ ካፖርቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ትልቁ ሰው እያቃሰተ መሰላሉን ወረደ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።